ፓምፗን አትንቀሉባት

ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ሳያነሳ ሞተር ይከበዋል። ቦክሰሩም ቲቪኤሱም ተደርድሮ «ወዴት ነው?» ይባላል። ስለእነሱ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት ከእነሱ በፊት የነበረችውን፣ አሁን በየጓሮው ከእንሰቱ ሥር ዶሮ የሰፈረባትን ያማሃ ኤጂ 100ን ነው።

«ኤጂ» ከእንግሊዝኛው «አግሪካልቸር» የተወሰደ ነውና ስሟ እንደሚናገረው የተሠራችው ለእርሻ ነው። ወላይታ ደግሞ የእርሻ ባለሙያ ብዙ የተመላለሰባት አገር ናት። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ሥራ የጀመረው የወላይታው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ባጭሩ ዋዱ፣ ከአርሲው አቻው ከካዱ ቀጥሎ በአገሪቱ ከቀደሙት የገጠር ልማት ሥራዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጡት ዘመናት የልማት ሠራተኛው፣ ክትባት ሰጪው፣ የሚስዮኑና የእርዳታ ድርጅቱ ባለሙያ ከቦሎሶ እስከ ኦፋ፣ ከዳሞት ጋሌ እስከ ኪንዶ ኮይሻ ያለውን ጭቃ የገፋው በእንዲህ ዓይነቶቹ ያማሃዎች ነው። ከኋላ የክትባት ሳጥን፣ ከፊት የምርጥ ዘር ከረጢት ይጫንባታል። ውለታዋን ግን ማንም አያነሳም።

ስለ አሠራሯ ባጭሩ፦ 97 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ ሁለት ምት ናት። ፍሬኗ ከፊትም ከኋላም የከበሮ ነው። ካቴናዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽፋን ውስጥ ይዞራል። ከፊትና ከኋላ የጭነት መደርደሪያ፣ በግራም በቀኝም ማቆሚያ እግር አላት። ተዳፋት ላይ የተሠራ የገበሬ ቤት ሄዶ ሞተር ያቆመ ሰው የሁለተኛዋ እግር ጥቅም አይጠፋውም።

«ከሱቅ እንደወጣች አድርጌ አድሻታለሁ፤ ና እያት» የሚል ሰው ግቢ ስገባ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ስቱኮ የተለሰነ ሰልባትዮ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም፣ በወላይታው የባህል ልብስ በዱንጉዛ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የተሸፈነ ወንበር ነው። ዱንጉዛን እወዳለሁ፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ እኔም እለብሳለሁ። ሞተሯ ግን ከሱቅ ስትወጣ ዱንጉዛ አልነበራትም። በእኔ ሚዛን እድሳት የሚጀምረው ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት ከላይዋ ላይ ያወለቅነውን በመቁጠር ነው። የካቴናው ሽፋን የት ሄደ? የአየር ማጣሪያው ስፖንጅስ? የማርሚታው የውስጥ ቱቦስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘይት ፓምፗ የት ሄደች?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

ባለ ሁለት ምት ኢንጂን ውስጥ ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሱት በክራንኩ ቤት አልፈው ነው። ስለዚህ እንደ ቦክሰር ዘይት ከሥር አጠራቅሞ ማዞር አይቻልም። ክራንኩን፣ ኩሽኔታውን፣ ፒስተኑንና ፋሻውን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ አብሮ ተቃጥሎ ይወጣል። በድሮው አሠራር ነጂው ራሱ ሰልባትዮው ውስጥ ይቀይጠው ነበር፤ ሃያ እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት እየተባለ። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 አውቶሉብ የሚባለውን ዘዴ ይዞ መጣ። ዘይቱ ለብቻው በራሱ ጋን ይቀመጣል፤ ክራንኩ የሚያዞራት ትንሽ ፓምፕ እየመጠነች ወደ ኢንጂኑ መግቢያ ትልከዋለች። የምትልከው መጠን በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ኢንጂኑ በሚዞርበት ፍጥነትና እጀታው በተከፈተበት ልክ። ቤንዚን ከሚሰጠው እጀታ የሚነሳው ካቦ መንገድ ላይ ተከፍሎ አንዱ ወደ ካርቡራተሩ፣ ሌላው ወደ ፓምፗ ይወርዳል። እጀታውን ስትከፍቱ የፓምፗ ግፊት ይረዝማል፤ ዘይቱ ይጨምራል። ስትዘጉ ያጥራል፤ ነገር ግን ጨርሶ አይቆምም።

ይህችን «ጨርሶ አይቆምም» ያዙልኝና ከሶዶ ወደ ሁምቦ፣ ከዚያም ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ቁልቁል እንውረድ። ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር ላይ። ቁልቁለቱ ላይ ነጂው እጀታውን ዘግቶ በማርሽ ይይዛታል። ኢንጂኑ እየተንጫጫ ይዞራል፤ ቤንዚን ግን አይገባም ማለት ይቻላል። ዘይቱ በቤንዚን የተቀየጠ ከሆነ ቤንዚን በሌለበት ዘይትም የለም። ፒስተኑ ዘይት አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት በደረቁ ይሮጣል። «ቁልቁለት ስወርድ ነከሰችብኝ፤ ዳገት ላይ እኮ ምንም አላለችም» የሚለውን ግራ የተጋባ ነጂ ስንቴ ሰማነው! ፓምፕ ያላት ግን ክራንኩ እስከዞረ ድረስ ትንሿ ድርሻዋ አይቀርባትም። የወላይታን ቁልቁለት አስበው የሠሯት ይመስል ይህን የመሰለ ነገር ተሰጥቶን ፓምፗን ነቅለን ቦታዋን በቁራጭ ላሜራ እንደፍነዋለን።

ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጣጣ አላት» ይባላል። «ድንገት ብትቆም አይታወቅም፤ በእጅ መቀየጥ ይሻላል» የሚልም አለ። ፓምፕ በእርግጥ ብትቆም ኢንጂን ትገድላለች፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቆመች ተብላ የተጣለችው ፓምፕ ስትፈተሽ ራሷ ደህና ሆና ትገኛለች፤ ጋኑ ደርቆ አየር ገብቶባት፣ ወይ የዘይት ማጣሪያው በቆሻሻ ተደፍኖ፣ ወይ ካቦው ረግቦ ነው። በእጅ የሚቀይጠውን ሰው ደግሞ እናውቀዋለን። በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ቤንዚን ይገዛል፤ ዘይቱን በዓይኑ ለክቶ «ትንሽ ጨምርበት» ይላል። ዘይቱም የሁለት ምት ዘይት አይደለም፤ የመኪና 40 ቁጥር ነው። ሲብስ ከአይሱዙ የወረደ የተቃጠለ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት እንዲቃጠል ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ አመድ ይተዋል፤ አመዱ ካንዴላውን ይጋርዳል፣ ፋሻውን በጎድጓዳው ውስጥ ያጣብቃል፣ ማርሚታውን ይደፍናል። ከዚያ «ቱ ስትሮክ አትረባም» ይባላል።

አንድ ጡረታ የወጡ የልማት ሠራተኛ ሞተራቸውን እንዳይላቸው ቦዲቲ አጠገብ ወዳለው ግቢያቸው ጠርተውኝ ነበር። ሞተሯ ጎተራ ሥር ቆማለች፤ ሽፋኗ፣ መደርደሪያዋ፣ ሁለቱም እግሮቿ አሉ። የፓምፗን ቦታ ስዳስስ ላሜራ ነካሁ።

«ጋሼ፣ ፓምፗስ?»

«መካኒኩ ነቀላት እንጂ። ‹ይቺ ችግር ታመጣብዎታለች› አለኝ። እኔ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ነው ብዬ አልጣልኳትም።»

ሞተሯን በጨረታ የገዟት ከዚያ በኋላ ነው፤ ፓምፗ ግን ከሚስማርና ከአሮጌ ዳዶ ጋር በኒዶ ጣሳ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። በነጭ ጋዝ አጥቤ ስጠርጋት መዘውሯ በጣት ግፊት ሄዶ ይመለሳል። ልኳን የምታሳየው ምልክትም አልጠፋችም። ይህን ሁሉ ዓመት ጣሳ ውስጥ የከረመችው እንከን ሳይኖርባት ነው።

መመለሱ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ፓምፗ ከታሰረች በኋላ ጋኑን በሁለት ምት ዘይት ሙሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ የሚል የጃፓን ደረጃ ካለበት በቂ ነው። ፓምፗ ላይ አየር ማስወጫ ትንሽ ብሎን አለች። ላላ አድርጓት። መጀመሪያ ዘይቱ በአረፋ እየተንተከተከ ይወጣል፤ አረፋው ቆሞ ጥርት ያለ ዘይት ሲፈስ ብቻ አጥብቋት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይነሳል። ከፓምፗ ወደ ኢንጂኑ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ገና አየር እንደያዘ ነው! ስለዚህ ሰልባትዮው ውስጥ ለዚያች ቀን ብቻ በዘይት የተቀየጠ ትንሽ ቤንዚን አድርጉ፤ ሞተሯን አስነስታችሁ ዝግ ብላ እየሠራች የፓምፗን ካቦ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ሳቡና ያዙ። በቱቦው ውስጥ የመጨረሻዋ አረፋ ስትሄድ በዓይናችሁ ታዩዋታላችሁ። ከዚያ የካቦውን ርዝመት ከምልክቷ ጋር አስተካክሉ። ካቦው ከረገበ ዘይት ያንሳል፤ ከተወጠረ ያጨሳል።

ስለ ጭስም ይህን ልበል። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ብታጨስ ደንብ ነው። ከሞቀች በኋላ ሰፈሩን የምትሸፍን ከሆነ ግን ሁሉም የሚፈርድባት ፓምፕ ንጹሕ ልትሆን ትችላለች። በፍሪሲዮኑ በኩል ክራንኩን የሚያቅፍ የዘይት ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲደርቅ ክራንኩ ቤት የማርሹን ዘይት እየመጠጠ ያቃጥላል። መለያው ቀላል ነው፦ ከሥሯ አንድ ጠብታ ሳይፈስ የማርሹ ዘይት እየጎደለ ይሄዳል። በማግኔቱ በኩል ያለው ወንድሙ ሲደርቅ ደግሞ ጭስ የለም፤ አየር ይገባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ኢንጂኑ ይግላል። ይኸኛው ዝምተኛ ስለሆነ ይበልጥ እፈራዋለሁ። ኢንጂኑ ከተከፈተ ሁለቱንም ቀይሩ፤ ዋጋቸው ከአንድ ፒስተን ጋር አይወዳደርም።

ሌላው ሥራ ቤት ውስጥ በትርፍ ጊዜ የሚያልቅ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ብሎኑን በየጣሳው ለዩ። ሲሊንደሩ ከተፋቀ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አንድ ልክ አስሰፉት፤ ነገር ግን መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ፣ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በፒስተኑ ልክ ነውና። ፒስተኑ እዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሰልባትዮው ውስጡ ከዛገ ኮምጣጤና አንድ እፍኝ ዳዶ ጨምራችሁ ናጡት፤ ካጠባችሁ በኋላ ሳይውል ሳያድር አድርቁት። ክሮም መንከር የቤት ሥራ አይደለም፤ መርዝ ነው፣ ለባለሙያው ተዉት። ቀለሙን የምትፈልጉ ከሆነ የካታሎግ ፎቶ አያስፈልጋችሁም፤ ወንበሩን አንሱና ፀሐይ ያልነካውን የሰልባትዮውን ጀርባ እዩ።

ማርሚታውን በተመለከተ ወጣቶቹን መቆጣት አለብኝ። የውስጥ ቱቦውን አውጥታችሁ ስታስጮኋት ኃይል የጨመረች ይመስላችኋል። ባለ ሁለት ምት ኢንጂን ከማርሚታው ተመልሶ በሚመጣው ግፊት ያልተቃጠለውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል፤ ቱቦው ሲወጣ ቤንዚኑ ተከትሎት ይሄዳል። ቱቦውን አውጡት፤ ግን ጥቀርሻውን አቃጥላችሁ፣ ፍቃችሁ መልሱት። የካቴናውን ሽፋን «ያስጠላል» ብሎ የጣለ ሰውም አለ። ቀዩ የወላይታ አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ ሁለቱም ካቴናን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበሉታል። ሽፋን የሌለው ካቴና በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር ሽፋኑን የጣሉትን ጠይቁና አወዳድሩ።

ካንዴላውን ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ጉዞ በኋላ ፍቱት። ቡናማ ከሆነ ቅይጡ ልክ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዘይቱ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ከፍታውን አስቡ። ሶዶ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ቤንዚን የምታሳልፈውን ዋናዋን ቀዳዳ አንድ ቁጥር ጠበብ አድርጉ። ዘወትር ወደ አባያ ዳር የምትወርዱ ከሆነ ግን አትንኩት፤ እዚያ ቤንዚኑ ይሳሳባችኋል። አዲስ ፋሻ የገባላትን ሞተር ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ኩንታል ጭናችሁ የዳሞታን ዳገት አታስወጧት።

በመጨረሻም ሊብሬ አለ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ከሆነ የጨረታውን ወረቀት ከሻጩ ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ፤ ኮድ 4 የነበረች ሞተር ያለ ወረቀት ስም አትዛወርም። የሻንሲው ቁጥር መሪው አንገት ላይ፣ የኢንጂኑ ደግሞ ክራንኩ ቤት ላይ ተቀርጿል። ስትፈገፍጉና ስትቀቡ ሁለቱን በፕላስተር ሸፍኑ። ቁጥሩን በስቱኮ ለስኖ ላዩ ላይ ሦስት ዙር ቀለም የደረበ ሰው ለቦሎ ምርመራ ቀርቦ፣ መርማሪው ቆሞ እያየው ያንን አዲስ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ አይቻለሁ።