አጥንትን የሚገጥመው አሚቾ ነውን?

በቡታጅራና በዙሪያዋ ባለው የጉራጌ ምድር አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲኖር፣ ለስብራት ይበጃል የሚባለው አስታራ የተሰኘ እንሰት ከጓሮ ተነቅሎ አሚቾው፣ ማለትም የሚበላው ግንደ ሥሩ፣ ከወተት ጋር ይቀርብለታል፤ ወጌሻም ተጠርቶ የተሰበረውን አካል በሸምበቆ ስንጥርና በጨርቅ ጠፍሮ ያስረዋል። ከዚህም ጋር «አሚቾውና የቅልጥም መረቅ ይገጥመዋል፤ ሐኪም ቤት ከሄደ ግን ይቆረጣል» ይባላል፤ ስንቱን ሊድን የሚችል እጅና እግር ያሳጣ ቃል ይህ ነው።

ልማዱ ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። ከአጥንት ማዕድኑ ቢወጣለት፣ ከሚቀረው ደረቅ አካል 90 በመቶ ያህሉ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነውና፣ ወተት ለዚህ ሕንጻ ፕሮቲንና ካልሲየም ያቀብላል፤ ስብራቱ እንዳይነቃነቅ መደገፍም እውነተኛ ጥበብ ነው። ነገር ግን በመረቅ የተጠጣ ኮላጅን እንዳለ ወደ ስብራቱ አይሄድም፤ በጨጓራና በአንጀት ተሰባብሮ ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይለወጣል፤ አዲሱን ኮላጅን በቫይታሚን ሲ ረዳትነት የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፤ ዕቃውንም ሁሉ ወደ ስፍራው የሚያደርሰው ደም ነው።

ስብራት በባሕርዩ ያብጣል፤ የጠበቀ ማሰሪያ ግን አይሰፋምና፣ እብጠቱ በበረታ ቁጥር የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ኋላም ይጠቁራሉ፤ ደም ከተቋረጠበት 6 ሰዓት ያህል በኋላም ጡንቻው ላይመለስ መሞት ይጀምራል። ደም በማይደርስበት ስፍራ አሚቾም ወተትም አይደርስም። እንግዲህ ሐኪም በመጨረሻ የሚቆርጠው አስቀድሞ የሞተውን አካል፣ ያውም ነፍስን ለማትረፍ ሲል ሆኖ ሳለ፣ «ሐኪም ቆረጠው» እያሉ የጨነቀውን ወላጅ የሚያስፈራሩ ሰዎች ኃላፊነታቸው ከባድ ነው፤ ዝም ልንላቸውም አይገባም።

ስለ ኮላጅንና ስለ እንሰት የሚነገሩት የቀሩት እምነቶች አጭር መልስ ይበቃቸዋል። ኮላጅን ያለበት ቅባት የቆዳን ኮላጅን ይተካል ይባላል፤ ሞለኪውሉ ቆዳን ዘልቆ ለመግባት እጅግ ግዙፍ ስለሆነ ከላይ ያለሰልሳል እንጂ ከውስጥ አይተካም። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ብቻውን ሰውነትን ይገነባል የሚሉም አሉ፤ ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ ጥቂት ነውና አይብ ወይም ባቄላ፣ ለቫይታሚን ሲም ጥሬ ቃሪያ ሊታከልበት ይገባል።

ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ ከታሰረ ጣቶቹን እይ፤ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሲዘረጉ ሕመሙ ከባሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን በዚያው ሰዓት ፈትተህ ወደ ሆስፒታል አድርሰው። አሚቾው ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል።