የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ፤ የቀረው ትምህርትስ?

ሐረርን የምታውቁ ከሆነ፣ በማለዳ ከፈረስ መጋላ ተነሥታችሁ ወደ ሸዋ በር ስትወጡ፣ ደብተራቸውን ያቀፉ ተማሪዎች ከየጠባቡ መንገድ ብቅ ብቅ እያሉ ሲቀላቀሉአችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ሐረርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ አማርኛ እየተናገረ ሁሉም በአንድ በር ይወጣሉ። እኔም መምህር ነኝና በየጧቱ ከነርሱ ጋር እወጣለሁ። ይህን ግርግር ባየሁ ቁጥር ግን ያ መንገድ ጭር ያለበት ወራት ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ወራትና ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው ስለ ተመለሱበት ሁኔታ ነው። ነገሩ ያለፈና የተረሳ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን በየቀኑ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አገኘዋለሁ።

ግንብ ያላገደው እንግዳ

የሐረር ሰው ስለ ወረርሽኝ ከገዛ ከተማው ታሪክ ሊማር ይችላል። ጀጎል የተባለውን ግንብ ከተማይቱን ከጠላት ለመከላከል ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደ ሆኑ ይነገራል። ስማቸው ዛሬም የአንድ ወረዳ መጠሪያ ነው። እኒህ ጦረኛ ሰው በ1560 ዓ.ም. ገደማ ረሀብና ወረርሽኝ ከተማይቱን በመቱ ጊዜ በዚያው በሽታ ሞቱ። ጦር የመለሰው ግንብ በሽታን ሊመልስ አልቻለም። በአዲስ አበባም በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውም የዚያ መታሰቢያ ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ኮሮና መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መንግሥት አዘዘ። በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። በዓለም ዙሪያም ነገሩ በባሰበት ጊዜ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው 1.6 ቢሊዮን ያህል እንደ ነበሩ ዩኔስኮ አስታውቋል።

እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ። እኛም ሻንጣችንን ይዘን ወደየቤታችን እንድንሄድ ተነገረንና ወደ ሐረር ተመለስሁ። በጎረቤታችን ቤት አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀምሮ ስለ ነበር፣ ልጅቱ ነደባ በሚባለው የሐረር ቤት መደብ ላይ ተቀምጣ ሬዲዮ ታዳምጣለች። አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ሬዲዮው ቶሎ ቶሎ ይናገራል፤ ድገምልኝ ብለው አይሰማኝም» አለችኝ። ስለ ትምህርት በሬዲዮ በኋላ ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ይህ የልጅ ንግግር አስተምሮኛል። ደግሞም እርስዋ ሬዲዮ ስላላት ዕድለኛ ነበረች። ሌሎቹ እኩዮችዋ በሸዋ በር ገበያ ዕቃ ይሸከሙ፣ ሎሚና ሙዝ ይሸጡ፣ ሴቶቹም የቤቱን ሥራ ይዘው ታናናሾቻቸውን ያሳድጉ ነበር።

ወንበሩ ተለካ

መዝጋቱ በአንድ ቀን ትእዛዝ የሚፈጸም ነገር ነበር። መክፈቱ ግን ብዙ ማሰብን ጠየቀ። የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው መርሐ ግብር ሦስት ደረጃ ነበረው። የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የዞንና የወረዳ ከተሞች ጥቅምት 16 ቀን፣ አዲስ አበባና የክልል ዋና ከተሞች ጥቅምት 30 ቀን እንዲጀምሩ ታቀደ። የሐረሪ ክልል ከዘጠኝ ወረዳዎቹ ሦስቱ፣ ማለት ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጠያራ፣ የገጠር ናቸው። እንግዲህ በዚህ መርሐ ግብር መሠረት የሶፊ ገበሬ ልጅ ከሐረር ከተማው ልጅ በፊት ደወል ይሰማል ማለት ነው። ሰው በተጨናነቀበት ዘንድ አደጋው ስለሚከፋ ዕቅዱ ምክንያት ነበረው።

በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ተማሪዎች በፈረቃ ወይም ቀን እየተፈራረቁ እንዲማሩ፣ አፍና አፍንጫቸውን እንዲሸፍኑና እጃቸውን እንዲታጠቡ ተወሰነ። ውሃ ለብዙ ዘመን እንደ ልብ ባልተገኘባት በሐረር፣ «እጅህን ታጠብ» የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል ጀሪካን መሸከምን እንደሚጠይቅ የዘበኞቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ትከሻ ያውቀዋል።

ይህን ያቀዱትንና የፈጸሙትን ሰዎች ላመሰግን ይገባኛል። በዩጋንዳ ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ነበርና የእኛ ልጆች በስምንት ወር ውስጥ መመለሳቸው ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ዕቅዱ አጥብቆ የለካው ወንበርን ነው። በአንዱ ልጅና በሌላው መካከል ስንት ክንድ ይኑር የሚለውን ሁሉም ያውቅ ነበር። በልጁና በመጽሐፉ መካከል ምን ያህል ርቀት እንደ ተፈጠረ ግን የለካ እምብዛም አልነበረም። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪዎች ያለ ዓመት መጨረሻ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። ያመለጣቸው እንዲካካስ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ዘግይቶ ተጀምሮ፣ ልጁም በሳምንት ግማሹን ቀን ብቻ እየመጣ፣ መምህሩ ያለፈውን ያካክስ ወይስ የዘንድሮውን ይጨርስ?

ሦስት ወር እንዴት ዓመት ተኩል ይሆናል?

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በፓኪስታን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ትምህርት ቤቶች ለሦስት ወር ያህል ተዘግተው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ቦታውን ሲጎበኙ ቤቶቹ ታድሰው፣ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰው አገኙአቸው። ሲፈትኑአቸው ግን፣ አደጋው ይበልጥ የደረሰባቸው አካባቢዎች ልጆች ከሌሎቹ በዓመት ተኩል ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተዋል። ከተገመቱት ምክንያቶች አንዱ እኛንም ይመለከታል፤ ይኸውም መምህሩ የክፍሉን መጽሐፍ ይዞ ወደ ፊት ሲገሰግስ፣ መሠረቱ የጎደለው ልጅ በየዓመቱ ይበልጥ እየራቀ ይሄዳል። እናታቸው ቢያንስ አንደኛ ደረጃን የጨረሰች ልጆች ግን ያን ያህል አልተጎዱም ነበር።

አሁን ወደ ክፍሌ ልመልሳችሁ። የማስተምረው ከግንቡ ውጭ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ነው። በ2018 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ሳይደግም የመጣ ከሆነ፣ በ2012 አራተኛ ክፍል ነበር። አንድ ቀን በሰሌዳ ላይ ግማሽን ከሲሶ ጋር ደምሩ ብዬ ጻፍሁ። አንዱ ብርቱ ተማሪ ተነሥቶ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» አለኝ። ይህ ልጅ ከትምህርት በኋላ በአጎቱ ሱቅ የሚሠራ፣ የመቶ ደንበኛ ሒሳብ በቃሉ የሚያውቅ ነው። «ለመሆኑ ክፍልፋይ መቼ ተማርህ?» ብለው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «መምህር፣ ያኔ ቤት ነበርን» አለኝ። ሌሎቹም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የሚያውቅ ሰው ሳቅ አልነበረም።

በእውነቱ ተናደድሁ። የተናደድሁት በራሴ ነው። ወራት ሙሉ ባልተጣለ መሠረት ላይ ጣሪያ ስሠራ ከርሜአለሁና። በማግሥቱ መጽሐፉን ዘግቼ ከአራተኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ ያለውን የሚመለከት አጭር ፈተና ሰጠኋቸው፤ ማርክ እንደሌለው አስቀድሜ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ያህል፣ በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በጎደላቸው ነገር ከፋፍዬ አስተምር ጀመር። ተአምር ተሠራ አልላችሁም። ነገር ግን ድሮ በኋላ ወንበር ተደብቀው ይቀመጡ ከነበሩት አንዳንዶቹ እጃቸውን ማንሣት ጀምረዋል።

በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምታችኋል። ይህን ሁሉ በወረርሽኙ ማሳበብ ትክክል አይሆንም፤ ከ2014 ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱ፣ ቀድሞም የነበረውን ድካም ገለጠው። ቢሆንም ከጎደለው አንዱ ክፍል በነዚያ ወራት የጎደለ መሆኑን እኔ በሰሌዳዬ ላይ አይቻለሁ።

ለሚመጣው ጊዜ

በሽታም ይሁን ጦርነት ወይም ጎርፍ፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ዳግመኛ አይመጣም የሚል ካለ፣ ከኮሮና በኋላ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በጦርነት ምክንያት ለዓመታት ከትምህርት ርቀው የቆዩትን ልጆች ይጠይቅ። ስለዚህ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለምትሠሩ ወጣት ጓደኞቼ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ደወሉ በተደወለ በመጀመሪያው ሳምንት ከወንበሩ ጋር ዕውቀቱም ይለካ። አጭር ፈተና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ሳይማረው ያለፈው ምዕራፍ በልጁ መዝገብ ላይ ይጻፍና ከመምህር ወደ መምህር ይተላለፍ። ሐኪም የበሽተኛውን ካርድ ሳያይ መድኃኒት አያዝም፤ እኛ ግን ልጁን ያለ ካርድ እንቀበለዋለን።

ሦስተኛ፣ ያልተመለሰው ልጅ በስም ይፈለግ። በሐረር አፎቻ አለ፣ እድርም አለ፤ የእያንዳንዱን ቤት ኀዘንና ደስታ የሚያውቁ ማኅበሮች የማንኛዋ ልጅ ደብተር ሰቅላ እንደ ቀረች ሳያውቁ አይቀሩም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ የምለው አጭር ነው። የማታውቁት ነገር የታችኛው ክፍል ትምህርት ስለ ሆነ ብቻ አትፈሩ። እዳው የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ሳይከፈል ከቀረ ግን ከናንተ ጋር ይኖራል።

ያ የሱቁ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረ። ግማሽና ሲሶን አንድ ላይ ደምሮ አምስት ስድስተኛ መሆኑን ጻፈና፣ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ፣ «መምህር፣ ሌላ ይጻፉልኝ» አለኝ። ጻፍሁለት።