መካሪ ያልታጣበት ቤት፦ ኢትዮጵያ፣ ሰብዓዊ መብትና የጄኔቫ መንገድ

ከዙሪኩ መሐንዲስ እስከ ዛሬዎቹ የጄኔቫ ስብሰባዎች፣ መንግሥትን በሰው መብት ጉዳይ የመከሩ ሰዎች ታሪክ

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዘመን አይነግሥ» ይባላል። መካር የሞላው ቤተ መንግሥትስ? መካሩ እውነቱን ደፍሮ ከተናገረ፣ ባለ ሥልጣኑም ሰምቶ በጊዜው ከሠራበት አገር ይድናል። የተነገረው ምክር ሳይፈጸም ሲቀር ግን ያንኑ ወረቀት ጠላት አንስቶ ያነበዋል። ይህ በኢትዮጵያ ላይ ደርሷል። የደረሰውም ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በትራም ወደ ሥራ በሚመላለሱባት በጄኔቫ ከተማ ነው።

ዛሬ መንግሥታት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ የሚያማክራቸው ባለሙያ ይቀጥራሉ። የዚህ ሰው ሥራ ከውጭ ሲታይ ወረቀት ብቻ ይመስላል። አገሩ የፈረመችውን ዓለም አቀፍ ውል ያጠናል፤ የአገሩ ሕግ ከውሉ ጋር የት እንደሚጋጭ ያመለክታል፤ ከጄኔቫ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ ያረቅቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሚኒስትሩ መስማት የማይወደውን ነገር ፊት ለፊት መንገር ነው። የሥራው ስም አዲስ ቢሆንም ለኢትዮጵያ ሥራው አዲስ አይደለም። ታሪኩም ከስዊዘርላንድ ጋር የተሳሰረ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዙሪኩ መሐንዲስ

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ፣ ዛሬ ኤ.ቴ.ሃ. በሚባለው ትምህርት ቤት፣ ምሕንድስና ተማረ። በ1879 ሸዋ ገብቶ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ሥራ ጀመረ። ድልድይ ሠራ፤ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ ሳበ። በ1894 የጅቡቲው የባቡር መንገድ ፈቃድ የተሰጠው ለእርሱ ነበር። አማርኛ ጠንቅቆ ያወቀ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ልብ ያገኘ ሰው ስለሆነ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ፤ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ደብዳቤና ድርድርም በእጁ ያልፍ ነበር።

ስለ ኢልግ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ባቡሩ ነው። ከባቡሩ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ትንሽ ደብዳቤ ነው። በዚያ ዘመን ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ሐረር ላይ ይነግድ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1889 ለኢልግ ሲጽፍ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ወንዶች ልጆች ባሪያ እንዲገዛለት ጠየቀው። ኢልግ በነሐሴ 1890 መለሰለት። ስለ ባሮቹ ይቅርታ ጠይቆ፣ ባሪያ ገዝቶ እንደማያውቅ፣ አሁንም እንደማይጀምር፣ ለራሱ እንኳ ቢሆን እንደማያደርገው ገለጸ። የራምቦን ቅን ልቦና እንደማይጠራጠርም ጨመረበት። ሰውየውን ሳያዋርድ ነገሩን እንቢ አለ።

ይህ መልስ አዋጅ አይደለም። ኢልግ የኖረበት ቤተ መንግሥትም ሆነ የመኳንንቱ ቤት በባሪያ ጉልበት ይሠራ ነበር፤ የእርሱ እንቢታ ያንን አልለወጠውም። የአማካሪ ኃይል እስከ የት እንደሚደርስ ግን ያሳያል። የራሱን እጅ ከነገሩ መሰብሰብ ይችላል፤ የአገሩን ልማድ መለወጥ ግን የባለ ሥልጣኑና የሕዝቡ ሥራ ነው። ኢልግ ከኢትዮጵያ ተመልሶ በ1916 ዙሪክ ላይ ሞተ። የሰበሰባቸው ዕቃዎችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ።

የአባልነት ዋጋ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ጄኔቫ ላይ ተቋቋመ። ዙሪያዋን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣልያ ቅኝ ግዛቶች ለተከበበችው ኢትዮጵያ አባልነቱ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባል የሆነን አገር አባል የሆነ ሌላ አገር ቢወረው ማኅበሩ ይደርስለታል የሚል ተስፋ ነበረ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ጋሻ የፈለጉት ለዚህ ነው።

በ1923 በደጃዝማች ናደው የተመራ መልእክተኛ ጄኔቫ ገባ። ፈረንሳይ ደገፈች፤ እንግሊዝ አመነታች። ክርክሩ የባርነት ነገር ነበር፦ ባሪያ የሚሸጥበት አገር ከሠለጠኑት መንግሥታት ጋር እንዴት ይቀመጣል ተባለ። ጥያቄውን ያነሡት መንግሥታት ራሳቸው በቅኝ ግዛቶቻቸው ሰውን በግዳጅ ያሠሩ ነበር። ጠያቂው ንጹሕ አለመሆኑ ግን ጥያቄውን ሐሰት አያደርገውም። በመጨረሻ ኢትዮጵያ ስለ ባርነት ማኅበሩ ለሚፈልገው ማስረጃ ሁሉ መልስ ለመስጠት ቃል ገብታ መስከረም 28 ቀን 1923 በሙሉ ድምፅ ተቀበሏት።

ከዚያ ወዲህ ሕግ በሕግ ላይ ወጣ። በ1923 ባሪያ ነጋዴን በሞት የሚቀጣ አዋጅ፣ በ1924 ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ደንብ ታወጀ። በ1926 ጄኔቫ ላይ ዓለም አቀፉ የባርነት ውል ተፈረመ። በ1931 ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ በ1932 የባርነትን ጉዳይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። እንግሊዛዊው ፍራንክ ደ ሃልፐርት የአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ በዚህ ሥራ ላይ ተሰማራ። በዛሬ አነጋገር የመንግሥት የሰብዓዊ መብት አማካሪ ማለት ይህ ነው።

ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ችግሩ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ነው። ዳኛ ሆኖ የሚፈርደው ሹም ራሱ ባለ ባሪያ ነው፤ የሩቁ ገዥ ወታደሩን የሚያኖረው በሰው ጉልበት ነው፤ ነፃ የወጣው ሰውም የሚያርሰው መሬት የለውም። በ1932 ከእንግሊዝ አገር የመጡ የፀረ ባርነት ማኅበር መልእክተኞች፣ ሎርድ ኖኤል በክስተንና ሎርድ ፖልዋርዝ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ባነጋገሩ ጊዜ ባርነት ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ እንዲጠፋ ይደረጋል የሚል ተስፋ ተሰጣቸው። አገሪቱ ግን 20 ዓመት አልነበራትም። ሦስት ዓመት ብቻ ቀርቷት ነበር።

ጠላት ያነበበው ወረቀት

መስከረም 4 ቀን 1935 የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን ፖምፔዮ አሎይዚ ለማኅበሩ ምክር ቤት ትልቅ የክስ ሰነድ አቀረበ። ኢትዮጵያ ባርነትን ስላላጠፋች ከመንግሥታት ጋር እኩል ልትቆም አይገባትም የሚል ነበር። ወልወል ላይ በታኅሣሥ 1934 የተጀመረው ጠብ ለጦርነት ምክንያት ሊሆን ሳይበቃ ሲቀር፣ ሙሶሊኒ የሰው መብት ጠበቃ መስሎ ቀረበ።

ኢትዮጵያን ወክለው የተቀመጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ ሩሲያ የተማሩ፣ የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ አማካሪዎች መካከል ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሰው ዣክ ኦበርሶንና አሜሪካዊው ኤቨረት ኮልሰን ነበሩ። ጄኔቫ ላይ ለኢትዮጵያ የተከራከሩት ደግሞ የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ናቸው። በማግሥቱ ዤዝ ተነሥተው ሲመልሱ አሎይዚ አዳራሹን ለቆ ወጣ።

ለዤዝ ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1936 መጀመሪያ ላይ ፓሪስ ውስጥ የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች «የኢትዮጵያ ጠበቃ» ብለው ሰልፍ ወጡባቸው፤ ትምህርታቸውን እንዳይሰጡም አወኩባቸው። ለደካማ መንግሥት መምከር በገዛ አገር ሊያስጠላ እንደሚችል የእርሳቸው ታሪክ ይመሰክራል።

ጥቅምት 3 ቀን 1935 ጦርነቱ ተጀመረ። የኢጣልያው ጄኔራል ደ ቦኖ ትግራይ እንደ ገባ የባሪያ ነፃነት አወጀ። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ጦር የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ያዘንብ ጀመር። የመርዝ ጋዝ የተከለከለበት ውል በ1925 የተፈረመው እዚያው ጄኔቫ ላይ ነው፤ ኢጣልያም ፈርማዋለች።

ሰኔ 23

ሰኔ 30 ቀን 1936፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በጄኔቫ ጉባኤ ፊት ቆሙ። ብዙ ሰው ንግግሩ የተደረገው ዛሬ ቱሪስት በሚጎበኘው በፓሌ ዴ ናሲዮን ትልቁ አዳራሽ ይመስለዋል፤ ያ አዳራሽ ግን ጉባኤ የገባበት በ1937 ነው። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኩ ሩማንያዊው ኒኮላ ቲቱሌስኮ ተቆጥተው አረመኔዎቹን አስወጡ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛ ተናገሩ። ንግግሩን በማዘጋጀት ከረዱት አንዱ ከአካለ ጉዛይ የተወለዱት፣ ፈረንሳይ አገር ሕግ የተማሩት ሎሬንዞ ታእዛዝ ነበሩ። በግንቦት 1938ም ንጉሠ ነገሥቱ ዳግመኛ ጄኔቫ ሲቀርቡ ቃላቸውን ያነበቡላቸው እኚሁ ሰው ናቸው።

ውጤቱ ይታወቃል። ኢትዮጵያ የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ስትጠይቅ 23 መንግሥታት ተቃወሙ፣ 25 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ፣ የደገፈች ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች። በኢጣልያ ላይ የነበረው ማዕቀብም ተነሣ። ስዊዘርላንድ የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ነው ብላ ለመቀበል ከቀደሙት አንዷ ሆነች፤ ይህም በታኅሣሥ 1936 ነው።

ስዊዘርላንዳዊ ሁሉ ግን አንድ አልነበረም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሐኪም ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ በጋዝ የተቃጠለውን ሕዝብ በዓይናቸው አይተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላም በመጽሐፋቸው ጽፈውታል። ኮሚቴው ራሱ ግን በ1936 የያዘውን ማስረጃ ለማኅበሩ መርማሪዎች አልሰጥም አለ፤ ከሁለቱም ወገን ገለልተኛ ነኝ በሚል ምክንያት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን ያመነው በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ባርነትን የከለከለው የኢትዮጵያ አዋጅም የወጣው በነሐሴ 1942 ከነፃነት በኋላ ነው። ክልከላው 10 ዓመት ቀድሞ ቢሠራበት ሙሶሊኒ ጦርነቱን ይተው ነበር ማለት አይቻልም፤ ሌላ ሰበብ አያጣም። ጄኔቫ ላይ ግን ያመነቱ መንግሥታት ለማመንታታቸው ምክንያት ባጡ ነበር። ከዚያም በላይ፣ በዚያ 10 ዓመት ውስጥ ሰንሰለት ላይ የነበረው ሰው ለጄኔቫ ሳይሆን ለራሱ ሲባል ነፃ መውጣት ነበረበት።

ዛሬስ?

ፓሌ ዊልሰን የተባለው የሐይቁ ዳር ሕንፃ እስከ 1936 ድረስ የዓለም መንግሥታት ማኅበር መቀመጫ ነበር። በ1998 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢሮ ገባበት። የኢትዮጵያ የባርነት ደብዳቤዎች ይላኩበት ወደ ነበረው ሕንፃ የመንግሥታት ሪፖርት እንደ ገና ይመጣበት ጀመር።

ኢትዮጵያ በ1948 ለዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብት መግለጫ ድምፅዋን ሰጥታለች። በ1993 የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ውል ተቀበለች። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 13 የመብት ድንጋጌዎቹ ከእነዚህ ውሎች ጋር በሚስማማ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን የሚያቋቁም አዋጅ በ2000 ወጥቷል። ወረቀቱ ዛሬም ጥሩ ነው።

በታኅሣሥ 2021፣ በሰሜኑ ጦርነት መካከል፣ የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በኢትዮጵያ ላይ መርማሪ ባለሙያዎችን ሰየመ። መንግሥት አጥብቆ ተቃወመ። የመርማሪዎቹ ሥራ በጥቅምት 2023 ሳይታደስ ቀረ። የውጭ ምርመራ የአገርን ሉዓላዊነት ይነካል የሚለውና ያለ ውጭ ምርመራ ለተበደለው ፍርድ የለም የሚለው ክርክር አሁንም በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለ። ጥያቄው ግን የ1923ቱ ነው፦ ከውጭ ሳንጠየቅ እኛው እናጽዳው ወይስ እስክንከሰስ እንጠብቅ?

ማንም አገር ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም። እያንዳንዱ የተባበሩት መንግሥታት አባል በየአራት ዓመት ተኩል ገደማ ጄኔቫ ላይ ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ይደረግበታል። ኢትዮጵያ በ2009፣ በ2014፣ በ2019ና በ2024 ቀርባለች። ስዊዘርላንድም በጥር 2023 በተራዋ ተጠይቃለች። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ የራሷን ብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ተቋም ሥራ አስጀምራለች፤ ስለ ስደተኞችና ስለ ዘረኝነት የሚነሣው ጥያቄ እዚህ ለምንኖረው የሩቅ ወሬ አይደለም።

አማካሪው የሚጽፈውን ሪፖርት የሚፈትነው ከታች የሚመጣው ምስክርነት ነው። ማኅበራት ከግምገማው በፊት የራሳቸውን ጽሑፍ መላክ ይችላሉ። የተበደለ ሰውም ለልዩ መርማሪዎች መረጃ ሊያቀርብ ይችላል፤ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። የሚፈለገው ቀኑ፣ ቦታው፣ የሆነው ነገርና የተበዳዩ ፈቃድ በትክክል መጻፉ ነው። ወሬ የተቀላቀለበት ወረቀት እውነተኛውንም ያስጥላል።

ኢልግ ዙሪክ የተማረ መሐንዲስ ነበር፤ ዤዝ ፕሮፌሰር፣ ሎሬንዞ የስደተኛ መንግሥት መልእክተኛ ነበሩ። የትኛቸውም ጦር አልነበራቸውም። የነበራቸው ቃልና ብዕር ነው። ቃል ደግሞ የሚሠራው ሰሚ ሲያገኝ፣ ያውም በጊዜው ሲያገኝ ነው።