ከሚሴ ሲደርሱ የጎማ ንፋስ ማስቀነስ ለምን አያዋጣም?

በደሴ መስመር የሚመላለስ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ቆላ ስትገባ ጎማ ያብጣል፣ ትንሽ ንፋስ አስቀንስ።» ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ ብርድ የተሞላ ጎማ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋሮቢትንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ በእርግጥም ግፊቱ ጨምሮ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ሾፌሮቹ ልክ ናቸው። ስህተቱ ያለው ማስቀነሱ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ጎማው ውስጥ ትንሽ መግባት ያስፈልጋል። ፊዚክስ ሲባል ገጹን ልትዘጉ ያሰባችሁ፣ አንዴ ታገሱኝ።

አየር ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል በሰከንድ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይበራል። በሰዓት ሲሰላ 1,800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ግን እኮ የትም አይደርስም! ገና ከመነሳቱ ከሌላው ጋር ይጋጫል፣ አቅጣጫ ይቀይራል፣ እንደገና ይጋጫል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብን። አንዱ ሞመንተም ነው፤ ክብደት በፍጥነት ተባዝቶ፣ አቅጣጫም ይዞ የሚቆጠር። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወይም ኢነርጂ ነው፤ እሱ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር የሚሄድ ሲሆን አቅጣጫ የሚባል ነገር የለውም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት። ከደጋ የወረደው እህሉን፣ ከአፋር የመጣው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይገናኛል። ገበያው መሃል ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ሰው ከወደ ምዕራብ የሚሄደው ላይ ብትቀንሱ ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ይሆናል። ታዲያ ገበያው ሞቷል ማለት ነው? በፍጹም። ግርግሩ፣ የተለዋወጠው ብር፣ የወጣው ጉልበት ሁሉ አለ። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ በራሴ ቋንቋ ልበለው፦ ሞመንተም የተጣራ ሂሳብ ነው፣ ኢነርጂ ደግሞ ጠቅላላ ዝውውሩ። የቆመ መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሞመንተሙ ሲደመር ዜሮ ነው፤ ግራና ቀኙ ይጣፋል። ኢነርጂው ግን አይጣፋም፣ ምክንያቱም የሚቀነስ አቅጣጫ የለውም። ሙቀት የምንለውም ይኸው ነው፤ የአንድ ሞለኪውል አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት መለኪያ።

ታዲያ ግፊት ከየት ይመጣል? ከሞመንተም። እያንዳንዱ ሞለኪውል የጎማውን ግድግዳ መትቶ ሲመለስ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ያ የሞመንተም ለውጥ ግድግዳውን ይገፋዋል። አሁን ፍጥነቱ በእጥፍ ጨመረ እንበል። እያንዳንዱ ምት በእጥፍ ይከብዳል። በዚያ ላይ ሞለኪውሉ ቶሎ ስለሚመለስ የምቱም ቁጥር በእጥፍ ይጨምራል። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት! ኢነርጂም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያድገው አራት ጊዜ ነው። ስለዚህ ግፊት በሞመንተም ምት ቢፈጠርም አብሮ የሚወጣና የሚወርደው ከኢነርጂ ጋር ነው። ይህን የስዊሱ ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎት ነበር። የሚያዳምጠው ያገኘው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የሳይንስም ገበያ አንዳንዴ እንዲህ ቀርፋፋ ነው።

አሁን ወደ መንገዳችን እንመለስ። የጎሚስታው ጌጅ የሚያሳየው የውስጡን ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ተቀንሶ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ስለሆነ የውጭው ግፊት 10.4 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ከሚሴ 1,400 ሜትር ላይ ስለሆነች 12.4 ይደርሳል። ጠዋት በ8 ዲግሪ ጌጁ 32 ካለ፣ የውስጡ ትክክለኛ ግፊት 42.4 ነው። ከሚሴ ሲደርስ ጎማው ውስጥ ያለው አየር 50 ዲግሪ ቢሆንስ? ሙቀት ከፍፁም ዜሮ ሲቆጠር 281 የነበረው 323 ሆነ፤ 15 በመቶ ጭማሪ። የውስጡ ግፊት ወደ 48.7 ያድጋል። የከሚሴን 12.4 ስትቀንሱ ጌጁ 36 ይላል። ልብ በሉ፣ ሙቀቱ ከስድስት ፒኤስአይ በላይ ጨምሮ ነበር፤ ሁለቱን የበላው የቆላው ከባድ አየር ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ሾፌሩ «በዛ» ብሎ 32 ላይ ሲመልሰው ምን ይፈጠራል? መኪናው ከሚሴ አድሮ ጎማው ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጌጁ 28 ይወርዳል። በማግስቱ ያ ጎማ ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ ጎኑ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል። መተጣጠፍ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ላስቲኩንና ውስጡ ያለውን ክር ያዳክማል። ፈንድቶ የምናየው ጎማ ብዙ ጊዜ ንፋስ በዝቶበት ሳይሆን አንሶት ሲጋገር የቆየ ነው። የጎማ አምራቾች የሚሰጡት ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ በጉዞ ላይ የሚመጣው ጭማሪ ቀድሞ ታስቦበታል።

የጭነት መኪና ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። 100 ሊትር አየር የሚይዝና ጌጁ 100 ፒኤስአይ የሚል ጎማ ውስጥ ሞለኪውሎቹ በመብረር ብቻ የያዙት ጉልበት አንድ ቶን ዕቃ ወደ 12 ሜትር ከፍ ማድረግ ይችላል። ሲፈነዳ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው፣ እሱም ሰው ለመግደል ይበቃል። ጎማ ሲሞላ ፊት ለፊቱ የማይቆመው ለዚህ ነው።

ከጣርማበር እስከ ከሚሴ ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ወደ 1,700 ሜትር ነው። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 40 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነድዶ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ካልወረደ አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ከፍሬኑ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው አየር ይሻገራል። እንዲህ ያለ ጎማ ሲያጋጥም የሚያስፈልገው ጥላ ፈልጎ ማቆምና መጠበቅ ነው። ውሃ መድፋትም ንፋስ ማስተንፈስም አያስፈልግም።

የባጃጅ ልጆችም ከዚህ አትቀሩም። በእጅ ፓምፕ ጎማ ሞልታችሁ ከሆነ የፓምፑ ታች ሲግል አይታችኋል። ሰበቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወደ ሞለኪውሎቹ የሚገሰግሰው ፒስተን እንደሚመታ እግር ነው፤ የነካው ኳስ ከመጣበት ፍጥነት በላይ ሆኖ ይመለሳል። የእጃችሁ ጉልበት በሞመንተም ምት ወደ አየሩ ገባና ሙቀት ሆነ። ስለዚህ ወዲያው የምትለኩት ቁጥር ትንሽ የተጋነነ ነው። የሚታመነው ልክ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ፣ ፀሐይ ጎማው ላይ ሳታርፍ የሚወሰደው ነው፤ ያኔም 32 መሆን ያለበት 28 ካለ፣ ሙሉት።