የዓባይ በረሃን ለመሻገር የትኛውን መኪና እንከራይ?

እስቲ እንዲህ አስቡ። የአክስታችሁ ልጅ ሰርግ ደብረ ማርቆስ ነው። ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ መኪና ግን የለም። አባታችሁ «ላንድክሩዘር እንከራይ፤ ትልቅ መኪና አይገለበጥም» ይላሉ። እናታችሁ «ቪትዝ ይበቃናል፤ ነዳጅ አይበላም» ባይ ናቸው። አጎታችሁ ደግሞ «ሚኒባስ ይሁንና ሻንጣውን በሙሉ ፖርቶመጋላው ላይ እንጫነው» ይላሉ። ማን ልክ ነው?

ክርክሩ የምርጫ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ፊዚክስ እዚህ ላይ የሚለው ነገር አለው፤ የሚለውም ነገር የሰው ሕይወት ይነካል። በዚህ መንገድ ላይ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ አለ፤ አንዴ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት መኪናውን ሦስት ፈተና እናስፈትነው፦ ቁልቁለት፣ ዳገት እና ኩርባ።

ቁልቁለቱ፦ 70 ሊትር ውሃ የሚያፈላ ሙቀት

ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እምቅ ጉልበት አለው። መጠኑን ለማወቅ ክብደቱን በኪሎ፣ የመሬት ስበትን (9.8) እና ከፍታውን በሜትር ማባዛት ነው። መኪናችን ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ ይመዝን፤ የሚወርደው ደግሞ 1,200 ሜትር ይሁን እንበል። 2,000 × 9.8 × 1,200 ስናባዛ 23.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይመጣል።

ይህ ስንት ነው? 70 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ አፈላችሁ፣ አሁንም ይተርፋል ማለት ነው! መኪናው እየፈጠነ እንዳይሄድ ከተፈለገ ይህ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ አብዛኛው የሚያርፈው የፍሬን ሸራውና ዲስኩ ላይ ነው፤ ሙቀት ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው ደረጃው የሚያስገድደው፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም።

መፍትሔው ማርሽ መቀነስ ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሲወረድ ጎማው ሞተሩን ያሽከረክራል። ሞተሩ አየር ለመሳብና ለመጭመቅ፣ የራሱንም ሰበቃ ለማሸነፍ ጉልበት ይበላል። ያ ጉልበት በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ይወጣል፤ ፍሬኑም ያርፋል።

«በፎሌ ብንወርድ ነዳጅ እንቆጥባለን» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተሳስቷል። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲወርድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋዋል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ መውረድ ነዳጅም አይቆጥብ፣ ፍሬንንም ብቻውን ይተወዋል።

ዳገቱ፦ ሞተርም ይተነፍሳል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲወዳደር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በኦክስጅን ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ እሱም ይደክማል። ባሕር ዳርቻ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት የነበረው ትንሽ ሞተር፣ አዲስ አበባ ላይ 53 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ ደጀንን ሲወጣ ለምን እንደሚያቃስት አሁን ገባችሁ አይደል? ድልድዩ ጋ ስትደርሱ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ ይነቃል፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ግን እንደገና ይደክማል።

ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያን ያህል አይሰማውም። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጭራሽ አይተነፍስም፤ ከፍታው ለሞተሩ ምኑም አይደለም። እንዲያውም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ያ 23.5 ሚሊዮን ጁል ወደ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ሁሉም ባይመለስ እንኳ የተወሰነው ይመለሳል። አንድ ብልሃት ግን ልብ በሉ፦ ባትሪው ጎሐ ጽዮን ላይ ሙሉ ከሆነ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ሥራው ተመልሶ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ኩርባው፦ ረጅም መኪናና የጣሪያ ጭነት

አሁን ወደ አባትና አጎት ክርክር እንመለስ። መኪና ኩርባ ላይ ይገለበጥ አይገለበጥ በብዛት የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት እና የስበት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታ። የስፋቱን ግማሽ ለከፍታው አካፍሉት። መልሱ ትልቅ ሲሆን መኪናው ይረጋጋል።

ዝቅ ያለ የቤት መኪና እንውሰድ፤ ስፋቱ 150 ሳንቲሜትር፣ የስበት ማዕከሉ 53 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን። 75ን ለ53 ስናካፍል 1.4 ገደማ ነው። ስፋቱ ያው ሆኖ የስበት ማዕከሉ 75 ሳንቲሜትር ላይ የሆነ ረጅም መኪና ደግሞ 1.0 ያገኛል። አሁን በዚህ 2,000 ኪሎ በሚመዝን ረጅም መኪና ጣሪያ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ 150 ኪሎ ዕቃ ጫኑ። የስበት ማዕከሉ ወደ 84 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ ቁጥሩም ወደ 0.9 ይወርዳል።

ይህ ለምን ያስፈራል? ጥሩ ጎማ ደረቅ አስፋልትን የሚይዝበት ጉልበት ከ0.7 እስከ 0.9 አካባቢ ነው። ቁጥሩ 1.4 የሆነ መኪና ኩርባ ላይ ቢፈጥን ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። 0.9 የሆነው ግን ከመንሸራተት ይልቅ ወደ መገልበጥ ሊሄድ ይችላል። ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ወይም ለስላሳ አፈር ከመታ ደግሞ አደጋው ለማንኛውም መኪና ይብሳል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። አንድ የክብሪት ቀፎ ደብተር ላይ አቁሙ፣ ሌላውን በሆዱ አስተኙ። ደብተሩን ቀስ እያላችሁ በአንድ ጎን አንሱት። የቱ ቀድሞ ወደቀ?

ታዲያ የትኛው ይሁን?

ለአራት ሰው፣ በአስፋልት ከሆነ የኔ ተመራጭ ዝቅ ያለና ሞተሩ በጣም ትንሽ ያልሆነ የቤት መኪና ነው። አባታችሁ ይህን ሲሰሙ ላይደሰቱ ይችላሉ! ላንድክሩዘር መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን፣ ድንጋይና ጭቃ ሲበዛ ከፍታው ያድናል። ግን «ትልቅ ነው አይገለበጥም» የሚለው ነገር ስህተት ነው። ሰው ከበዛ ሚኒባስ ጥሩ ነው፤ ሻንጣው ግን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ቪትዝም ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ምንም አይላትም።

በጣም የምጠላውስ? ስሙ የመኪና ስም አይደለም። ጣሪያው ላይ የተቆለለበት፣ ጎማው የተላጠ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ማንኛውም መኪና ነው።

አገራችን ውስጥ መኪና ብዙ ጊዜ የሚከራየው ከነሹፌሩ ነው። ስለዚህ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት በትሕትና ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ዕቃውን ውስጥ ብናደርገውስ? ዓባይን በስንተኛ ማርሽ ነው የምንወርደው?» ጎበዝ ሹፌር በጥያቄያችሁ አይቆጣም፤ እንዲያውም መልሱን ከናንተ በላይ ያውቀዋል። የሚቆጣ ከሆነ ግን፣ ለቤተሰቡ ሌላ መኪና እንዲፈለግ ለመናገር ጥሩ ምክንያት አገኛችሁ።