የጌይና የሌዝቢያን መንገደኞች የመርከብ ሽርሽር

የጌይና የሌዝቢያን የመርከብ ሽርሽር ማለት አንድ የጉዞ ድርጅት የመንገደኞች መርከብ እንዳለ ተከራይቶ፣ ክፍሎቹን ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚሸጥበት የዕረፍት ጉዞ ነው። ካፒቴኑ፣ ወጥ ቤቱና አስተናጋጆቹ ባለፈው ሳምንት ሌላ ተሳፋሪ ያስተናገዱት ራሳቸው ናቸው። የሚለወጠው ተሳፋሪው ነው። በሰፈራቸው፣ በሥራ ቦታቸውና በቤተሰባቸው መካከል ጥቂቶች ሆነው የኖሩ ሰዎች ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን አብዛኞቹ እነርሱ የሆኑበት ቦታ ያገኛሉ። ባሕሩም ደሴቱም በሌላ መርከብም ይገኛል፤ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ቦታ ነው።

ሥራው በተደራጀ መልኩ የተጀመረው በአሜሪካ ነው። በሚኒሶታ የጉዞ ወኪል የነበረው ኬቨን ሞሲየር አር ኤስ ቪ ፒ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤርሙዳ ስታር የተባለችውን መርከብ ተከራየና ወደ 750 የሚጠጉ መንገደኞች አሳፍሮ ከኒው ኦርሊንስ ተነሣ። ወቅቱ ለእነዚህ ሰዎች ክፉ ነበር። ኤድስ በትልልቅ ከተሞች የሚኖሩ ጌይ ወንዶችን ይፈጅ ነበር፤ ፍቱን መድኃኒትም አልነበረም። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክፍለ ግዛቶች በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ግንኙነት በወንጀል መቅጣት ይችላሉ ሲል ወሰነ። ውሳኔው የተሻረው ከ17 ዓመት በኋላ በ2003 ነው። ከቀብር ወደ ቀብር ሲመላለሱ ለቆዩ፣ ባልንጀሮቻቸውን በየወሩ ለሚሸኙ ሰዎች ማንም የማይገላምጣቸው አንድ ሳምንት ትንሽ ነገር አልነበረም። የዚህ ሽርሽር ታሪክ ሲተረክ ጭፈራው ብቻ ይነሣና ይህ ይረሳል፤ መረሳት ግን አልነበረበትም።

የሴቶቹ ታሪክ በሌላ በር የገባ ነው። ኦሊቪያ በ1973 በዋሽንግተን ዲሲ ሴቶች በጋራ ያቋቋሙት የሙዚቃ አሳታሚ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ጁዲ ድሉጋዝ ናት። ትልልቆቹ አሳታሚዎች በራቸውን ሲዘጉ፣ ኦሊቪያ የሴት ሙዚቀኞችን ሥራ ራሱ እየቀረጸ ያከፋፍል ነበር። ከቅጂዎቹም የክሪስ ዊልያምሰን የ1975 አልበም ከሁሉ በላይ ተሸጠ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ኮንሰርቱን በባሕር ላይ የማድረግ ሐሳብ መጣ። በ1990 የመጀመሪያው መርከብ 600 ሴቶችን ይዞ ወደ ባሃማስ ሄደ። የሙዚቃ ድርጅቱ ቀስ በቀስ የጉዞ ድርጅት ሆነ፤ አድማጮቹም መንገደኞች ሆኑ። የኦሊቪያ ጉዞዎች እስከ ዛሬ የመጡበትን ቤት ይመስላሉ፦ ኮንሰርት፣ የቀልድ መድረክና ውይይት ይበዛባቸዋል፤ ከመንገደኞቹም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴቶች ናቸው።

በወንዶቹ በኩል ገበያውን የያዘው በ1991 ሪች ካምቤል በካሊፎርኒያ ያቋቋመው አትላንቲስ ነው፤ በ2007 አር ኤስ ቪ ፒን ሳይቀር ገዝቶ ጠቀለለ። በ2011 አሉር ኦቭ ዘ ሲስ የተባለውን፣ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች አንዱ የሆነውን፣ ተከራይቶ ከ5,000 በላይ መንገደኞች አሳፍሯል። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ደግሞ ኮሜዲያን ሮዚ ኦዶኔልና የዚያን ጊዜ የትዳር አጋሯ ኬሊ ከግሬግ ካሚንስኪ ጋር ሆነው አር ፋሚሊ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ኖርዌጂያን ዶውን በ2004 ከኒው ዮርክ ስትነሣ ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያሏቸው ሕፃናት ቁርስ ቤቱን ሞልተውት ነበር። ብዙዎቹ ልጆች የእነርሱን ዓይነት ቤተሰብ በብዛት አይተው አያውቁም ነበርና፣ ከዚህ ሁሉ የጉዞ ዓይነት ይበልጥ ትርጉም ያለው ይኸኛው ነው ቢባል አያሳፍርም።

የኪራዩ አሠራር ቀላል አይደለም። በተለመደው ሳምንት የመርከብ ኩባንያው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይሸጣል፤ በመጠጥ፣ በቁማር ቤትና በየወደቡ ጉብኝት ትርፍ ይጨምራል። በኪራይ ሳምንት ግን አዘጋጁ ከብዙ ጊዜ አስቀድሞ ውል ይፈርማል፣ ክፍሉ ቢሸጥም ባይሸጥም የመላውን መርከብ ዋጋ ይከፍላል። ኪሳራው የእርሱ ስለሆነ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መርከብ ላይ ከሚደረገው ተራ ጉዞ ይወደዳል። በምትኩ መድረኩ በእጁ ይገባል፦ ዘፋኙን፣ ኮሜዲያኑንና ዲጄውን የሚያመጣው፣ የየምሽቱን ድግስ የሚያወጣው፣ በጉዞው መስመር ላይ ከኩባንያው ጋር የሚደራደረው እርሱ ነው። አቅም ያነሳቸው አዘጋጆች መርከብ ከመከራየት ይልቅ በተራ ጉዞ ላይ ጥቂት ክፍሎች ይይዛሉ፤ ቡድናቸው በሌላው ተሳፋሪ መካከል የራሱ ማዕድና የራሱ ምሽት ይኖረዋል።

በመርከቡ ላይ ቀኑ በመዋኛው ዙሪያ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ በላይኛው ወለል ጭፈራ ይጀመራል፤ አንድ ምሽት ሁሉም ነጭ ይለብሳል፤ ሌላ ምሽት በልዩ ልዩ አልባሳት ያጌጣል። ጭፈራ የማይወድ በጉዞው መካከል ተራ ሕይወት ያገኛል። ብቻቸውን ለመጡ መተዋወቂያ ይዘጋጃል፤ መጠጥ ላቆሙም በየቀኑ መሰብሰቢያ አለ። የረጅም ጊዜ ጥንዶች ከምንም በላይ የሚያነሡት ትንሹን ነገር ነው፦ እራት ላይ እጅ ለእጅ መያያዝ፣ አስተናጋጁም አልጋው ሁለት ይሁን አንድ ብሎ አለመደናገሩ።

ችግሩ ወደብ ላይ ነው። የብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች የወንጀል ሕግ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የተወረሰና በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ግንኙነት የሚቀጣ ነበር። በ1998 ወደ 900 የሚጠጉ ጌይ መንገደኞች የያዘችውን ሊዋርድ የተባለች መርከብ የኬይማን ደሴቶች መንግሥት አላስቆምም አለ፤ ምክንያቱ እንዲህ ያለው ቡድን ከእንግዳ የሚጠበቀውን ሥነ ሥርዓት ይጠብቃል ብለን አናምንም የሚል ነበር። ደሴቶቹ የብሪታኒያ ግዛት ስለሆኑ ጉዳዩ ለንደን ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሪታኒያ መንግሥት በኬይማንና በሌሎች አራት የካሪቢያን ግዛቶቹ ያንን ሕግ በራሱ ትእዛዝ ሻረ። ችግሩ የካሪቢያን ብቻ አልነበረም፤ በ2000 በቱርክ ኩሻዳሲ ፖሊስ ከመርከብ የወረዱትን ጌይ መንገደኞች ወደ መርከባቸው መለሳቸው፤ የቱርክ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀና ኢስታንቡል ተቀበለቻቸው። ሕጉ ቢለወጥም ሕዝቡ አብሮ ላይለወጥ ይችላል። ባሃማስ ያንን ሕግ በ1991 ብታነሣም ቤተሰቦቹን የያዘችው ኖርዌጂያን ዶውን በ2004 ናሳው ስትደርስ ሰልፈኞች ጠበቋት፤ ሕፃናቱም ጩኸቱን ሰምተው አለፉ። በ2012 ደግሞ ዶሚኒካ ውስጥ ከአንድ የኪራይ መርከብ ሁለት ወንዶች ተይዘው በአደባባይ ነውር ጥፋተኛ ተብለው ተቀጡ።

በሰፊው ባሕር ላይ መርከቡን የሚገዛው ባንዲራውን የሰጠው አገር ሕግ ነው። ማልታ በ2017 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ስትፈቅድ በማልታ የተመዘገቡት የሴለብሪቲ ኩባንያ መርከቦች ካፒቴኖች ማጋባት ቻሉ፤ የመጀመሪያው ሰርግ በጥር 2018 በሴለብሪቲ ኢኩኖክስ ላይ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት ቤርሙዳ በፍርድ ቤት የተፈቀደውን ጋብቻ በሕግ ስታግድ በርካታ መርከቦቹ እዚያ የተመዘገቡት ካርኒቫል ኩባንያ እግዱን የሚቃወመውን ክስ ደገፈ። ከሳሾቹ ግን በ2022 በለንደን በመጨረሻው ይግባኝ ተረቱ። አንድ ጥንድ በመርከብ ላይ ሊጋባ መቻሉና አለመቻሉ በመርከቡ ጀርባ በተጻፈው የወደብ ስም ይወሰናል ማለት ነው።

የካሪቢያን ወደቦች ሁኔታ ከ1998 ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ፍርድ ቤቶች ያንን የቅኝ ግዛት ሕግ በቤሊዝ በ2016፣ በአንቲጓና ባርቡዳ፣ በሴንት ኪትስና ኔቪስ እንዲሁም በባርቤዶስ በ2022፣ በዶሚኒካም በ2024 ሽረዋል። ጃማይካ ግን ሕጉን አላነሣችም፤ የመርከብ ወደቦቿም ከአካባቢው ብዙ ጎብኚ ከሚቀበሉት ናቸው። መንገደኛ ከመርከቡ ወርዶ መሬት ሲረግጥ የሚዳኘው በዚያ አገር ሕግ ነው፤ አዘጋጁም የመርከብ ኩባንያውም ከዚያ ሊያስጥሉት አይችሉም። ስለዚህ ትኬት የሚቆርጥ ሰው የድግሱን ፕሮግራም ከማየቱ በፊት መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች ዝርዝርና የየአገሩን ሕግ ይመልከት።