በጓሮ ዛፍ ላይ የሚያርፉትን በቀቀኖች በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር ሾላ፥ ዋርካ ወይም ጥድ በቆመበት በብዙ ጓሮ፥ ፍሬ በሚበስልበት ወራት ማለዳ ቀጭንና ስል የኾነ የወፍ ጩኸት ይሰማል። የቤቱ ሰው ወጥቶ ወደ ዛፉ ቀና ቢል አስቀድሞ የሚያየው ቅጠል ብቻ ነው። ጥቂት ቈይቶ ግን ቅጠል ከመሰለው አንዱ ይንቀሳቀሳል፤ ቀይ መንቍርም ብቅ ይላል። ወፎቹ ጠግበው በአንድነት ሲነሡ፥ ባዶ መስሎት ከነበረው ቅርንጫፍ ስምንት ወይም ዐሥር ኾነው ሲወጡ አይቶ ይደነቃል። እነዚህ በቀቀኖች ናቸው።

በቀቀን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሩቅ አገር በሽቦ ቤት ተዘግታ የሰውን ቃል የምታስመስለውን ወፍ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ የራስዋ በቀቀኖች አሏት። ወደ ደጋው ጓሮ ከሚመጡት ኹለቱ በተለይ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛዪቱ ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የኾነችው፥ ባለ ጥቍር ክንፏ ትንሽ በቀቀን ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የዱር አገር የላትም። ኹለተኛዪቱ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝመው ባለ ቢጫ ግንባሯ በቀቀን ናት፤ እርሷ የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ትንሿ በአዲስ አበባ እንኳ ዛፍ በበዛበት ግቢ ትታያለች። ትልቋ ግን ጫካን አጥብቃ ስለምትወድ፥ እንደ ወንዶ ገነት ደን በቀረበበት መንደር ካልኾነ ወደ ጓሮ የምትመጣው ጥቂት ጊዜ ነው።

የእነዚህ ወፎች መልክ ለውጭ አገር ሊቃውንት የታወቀው በፎቶግራፍ አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ኢትዮጵያ ያደረገውን ጉዞ በጻፈበት፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ትንሿ በቀቀን ስም ወጣላት። ዛሬ ሊቃውንት አጋፖርኒስ ታራንታ ይሏታል፤ የፊተኛው ቃል በግሪክ ቋንቋ የፍቅር ወፍ ማለት ነው፤ የኋለኛው ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለው ተራራ ስም ነው። ባለ ቢጫ ግንባሯን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 ዓ.ም. በጽሑፍ ገለጣት። በዚያ ዘመን ወፍን የሚመረምር ሰው ወፊቱን ገድሎ፥ ቆዳዋን ገፎና አድርቆ ወደ አገሩ ይወስድ ነበር። ዛሬ የመንደር መምህር ከወፊቱ አንዲት ላባ ሳይጐድል፥ በኪሱ ባለው ስልክ ለምርመራ የሚበቃ ሥዕል ሊያገኝ ይችላል። ይህ የሚኾነው ግን ከሥዕሉ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያወቀ እንደ ኾነ ነው።

ትንሿን በቀቀን ለምሳሌ መውሰድ ይበቃል። ወንዱ ግንባሩና የዐይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፤ የሴቷ ራስ ግን ኹለንተናው አረንጓዴ ነው። ኾኖም አንድ ሰው ግንባሯ አረንጓዴ የኾነውን ኹሉ ሴት ብሎ ቢጽፍ ይሳሳታል፤ ወንዱ ጫጩት ከጎጆው በወጣ ጊዜ ራሱ እንደ እናቱ አረንጓዴ ነውና፥ ቀዩ የሚመጣለት ከወራት በኋላ ነው። ለይቶ የሚያሳውቀው ክንፉ ነው። የወንዱ ክንፍ ከሥር በኩል ገና በጫጩትነቱ ጥቍር ነው፤ የሴቷ ግን ወደ አረንጓዴና ወደ ቡናማ ያደላል። ይህም ወፊቱ ተቀምጣ ሳለች ተሸፍኖ ይኖራል፤ ክንፏን ስታፍታታ ወይም ስትነሣ ብቻ ለቅጽበት ይገለጣል። ዐይን ሊይዘው የማይችለውን ይህን ቅጽበት ፎቶግራፍ ይይዘዋል። ለአንዲት የተዘረጋች ክንፍ ሙሉ ማለዳ ቢጠበቅ ብዙ አይደለም።

የቀለማቸውም ነገር ሊታወቅ የሚገባው ነው። በበቀቀን አረንጓዴ ላባ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም የለም። በላባው ያለው ቀለም ቢጫ ነው፤ ከእርሱ ጋራ ያለው፥ በዐይን የማይታይ እጅግ የደቀቀ የላባው አሠራር ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊውን መልሶ ይበትናል። ቢጫውና ሰማያዊው ተባብረው ለሚያይ ሰው አረንጓዴ ይኾናሉ። ከዛፉ ሥር የወደቀ ላባ የተገኘ እንደ ኾነ መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል፤ ላባውን ብርሃን ከፊቱ ሲመታው አረንጓዴ ነው፤ ወደ ፀሐይ አንሥተው ብርሃኑ በውስጡ ሲያልፍ ቢያዩት ግን ደብዝዞ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ከወፊቱ በስተኋላ ከኾነች የሚገኘው ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ በጧት የሚያነሣ ሰው ከዛፉ በስተ ምሥራቅ፥ ወደ ማታ የሚያነሣ በስተ ምዕራብ ይቀመጣል። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ ከቀኑም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን መልካም ነው። በቀትር ብርሃኑ ከላይ ስለሚወርድ የቅጠሉ ጥላ ወፊቱን ያዥጐረጕራታል።

ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ከዛፉ ሥር የሚቆም ሰው ግን ሰዓቱን ቢጠብቅም የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ከኹሉ የሚሻለው በቤት ውስጥ ኾኖ፥ መስኮቱን ከፍቶ፥ ከመስኮቱ ጥቂት ወደ ኋላ በጨለማው ውስጥ መቀመጥ ነው። መሣሪያውን ከማንሣቱም በፊት ኹለት ሦስት ቀን ዝም ብሎ ይመልከት፤ ወፎቹ በስንት ሰዓት እንደሚመጡና በየትኛው ቅርንጫፍ አስቀድመው እንደሚያርፉ ይወቅ። (ውሻውን ማሰር አይዘንጋ።) ዳቦ መበተን አያስፈልግም፤ የሚጠራቸው ፍሬው ነው። በበጋ ውኃ በሰፊ ሳሕን ማኖር ይቻላል፤ ነገር ግን ሳሕኑ በየቀኑ ይታጠብ፤ ብዙ ወፍ ከቈሸሸ ሳሕን ሲጠጣ በሽታ ይተላለፋልና።

የሙያው ሰዎች የሚይዙት 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር የኾነ ሌንስ ውድ ነው። በትምህርት ቤቱ የሩቅ ማያ መነጽር ካለ ግን የስልኩን ሌንስ በመነጽሩ መመልከቻ ላይ አጋጥሞ፥ ኹለቱንም በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፎ ማንሣት ይቻላል። ወፊቱ ከሰማይ ጋራ በምትታይበት ጊዜ ስልኩ የሰማዩን ብርሃን መዝኖ እርሷን ያጨልማታል፤ ስለዚህ በስልኩ ገጽ ላይ ወፊቱ ባለችበት ስፍራ በጣት ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ያሻል። ፍጥነቱን ሊወስን ለሚችል መሣሪያ፥ ለተቀመጠች ወፍ የሰከንድ 250ኛ እጅ፥ ለምትበር 1,000ኛ እጅ ይበቃል።

ክንፉ እንዲዘረጋ ብሎ ድንጋይ የሚወረውር ግን ፎቶግራፍ አንሺ አይባልም። ተማሪዎች ወንጭፋቸውን አስቀምጠው የመጡት መምህራቸው ሲወረውር ለማየት አይደለም። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ ይኸውም ወደ ጎጆው መቅረብ ነው። ትንሿ በቀቀን የምትወልደውና ሌሊቱንም የምታድረው በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሰው በቀዳዳው ፊት ቢቆም እናቲቱ ውጭ ትቀራለች፤ ዕንቍላሎቿም ይበርዳሉ። ደግሞም ጎጆው ያለበትን ስፍራ የሚያሳይ ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ፥ ጫጩት አውጥቶ ለሚሸጥ ሰው መንገድ መሪ ይኾናል። ስለዚህ የቀዳዳው ሥዕል አይነሣም፤ ተነሥቶም ከኾነ ለማንም አይላክም።

ቀዳዳ ያለው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ወይም ግማሹ የደረቀ ነው፤ ማገዶ ባነሰ ጊዜም መጥረቢያ ቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ቢቀር እንኳ ማደሪያ ያጡ ወፎች ከመንደሩ ይርቃሉ፤ ሰውም ለምን እንደ ቀሩ አያውቅም። በየዓመቱ የሚነሣው ፎቶግራፍ ለዚህ ምስክር ሊኾን ይችላል፤ ይኸውም በደብተር ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የዛፉ ዐይነት፥ የታዩት ወፎች ቍጥር፥ ስንቱ ባለ ቀይ ግንባር እንደ ኾነ ከሥዕሉ ጋራ የተጻፈ እንደ ኾነ ነው። ፎቶግራፍ ሳይኖር በፊት የነበረውን የሚያውቁ የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ወፎቹ ቀድሞ በየትኛው ዛፍ ያድሩ እንደ ነበረ፥ ዛፉም በማን ዘመን እንደ ተቈረጠ ሥዕሉን እያሳዩ ቢጠይቋቸው ይናገራሉ፤ የተናገሩትም በዚያው ደብተር ከሥዕሉ አጠገብ ይጻፋል።